እትዬ ዘንበል

የመጨረሻዋ ኳስ ቅርጫት ከገባች ዋንጫው የእነሱ ነበር። ሮቦታቸው ግን ከተጋጣሚው ሮቦት ጋር ተላትሞ ጎማው ተጣመመና፣ ኳሷን እንዳቀፈ ወደ ግራ ብቻ ይዞር ጀመር። ቅርጫቱ ያለው በቀኝ ነበር። አሠልጣኙ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ፤ በቀዳዳው ግን ያይ ነበር።

የሮቦቱ ነጂ አጠገቡ ወደቆመችው የቡድኑ አዲስ ልጅ ዞረ። ደህና ደህናዎቹን የመለማመጃ ሮቦቶች ነባሮቹ ሲቀራመቷቸው፣ ለእሷ የደረሰቻት ወደ ግራ የምታደላውና "እትዬ ዘንበል" እያሉ የሚስቁባት አሮጌዋ ነበረች። ክረምቱን ሙሉ አብረው ግድግዳ ሲገጩ ከርመዋል።

"እንቺ፣ ዘመድሽ መጥታለች" አለና መቆጣጠሪያውን ሰጣት።

"አሁን ነው ዝምድናው የታየህ?" ብላ ተቀበለችው።

ልታቀናው አልሞከረችም። የሮቦቱን ጀርባ ለቅርጫቱ ሰጥታ ወደ ግራ ለቀቀችው። ተጋጣሚዎቹ የሸሸች መስሏቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። ሮቦቱ መንገድ እንደጠፋው እንግዳ ሜዳውን ዞሮ ዞሮ ቅርጫቱ ፊት ደረሰ። ጭብጨባቸውን ሳያቆሙ ኳሷ ቅርጫቱ ውስጥ ዱብ አለች።

የአሠልጣኙ ኮፍያ ጣሪያ ነካ። ነጂው ጩኸቱ እስኪበርድ ጠብቆ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለ።

"ነገ እትዬን ታውሺኛለሽ?"

"ወረፋ ያዝ።"