በጅረቱ ዳር የተጋደሙት አራት ግንዶች

ታቢታ ክሮል ሐሙስ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላታል። በአሜሪካ፣ በነብራስካ ሜዳ ሃያ አንድ የሞላት ሴት፣ ባል ከሌላት፣ በስሟ መሬት ትይዛለች። ካገባች ግን አይሰጣትም። ሕጉን ያወጡት ወንዶች ናቸውና ማን ይጠየቃል?

ለዚህ ነው ጎረቤቷ ኦሪን ሀስኬል ለጋብቻ ሲጠይቃት፣ ልቧ እየወደደው፣ «መጀመሪያ መሬቴ፣ ከዚያ አንተ» ያለችው። ዓይኗን የጣለችው በጅረቱ ዳር ባለው መሬት ላይ ነበር። የተረፈው ሜዳ ሁሉ ውኃ የለውም። ያ ካመለጣት ዕድሜ ልኳን በአክስቷ በሎቪና ቤት የሰው ልብስ ስታጥብ መኖሯ ነው።

ኦሪን ሳቀ። «እሺ እመቤቴ፣ እጠብቃለሁ።»

ልደቷ የሚውልበትን ቀን አጥብቆ ጠየቃት። የቤት በር ወደ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ደቡብ የምትወጂው ሲልም ጠየቃት። ከዚያ ጋሪውን ጠምዶ ሳንቃ ሊያመጣ ሄደ። ሲሰናበታት «እስከ ሐሙስ ወደ ጅረቱ እንዳትወርጂ» አላት።

አትውረጂ የተባለች ልጅ መቼ ቁጭ ትላለች? ማክሰኞ ወረደች።

አራት ግንድ በአራት ማዕዘን ተጋድሞ አገኘች። የአገሩ ልማድ ይህ ነው፤ አራት ግንድ አጋድሞ ያስመዘገበ ሰው፣ ግንዱ እስካለ ድረስ ለአንድ ወር መሬቱን ማንም አይነካበትም። ግንዱ ከሌለ ግን መሬቱ ለቀደመ ነው።

ጎንበስ ብላ የተቆረጠበትን አየች። በእያንዳንዱ ቁርጥ ላይ አንድ ቀጭን ጭረት አለ። የኦሪን መጥረቢያ ስለቱ ተሸርፏል፤ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም።

ደሟ ፈላ። በሚነጥቃት መሬት ላይ የሚሠራውን ቤት በር እንኳ እሷኑ ሊያስመርጣት!

«ጅረቴን ወሰደብኝ!» አለች ቤት ስትደርስ።

«ማን?» አለች አክስቷ።

«ኦሪን ነዋ! አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ! ቀኑን የጠየቀኝ ሊቀድመኝ ኖሯል!»

«ተይ ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከነገ ወዲያ ይመጣል፤ ጠይቂው።»

«ጠይቄ ምን ልስማ፣ አክስቴ? ሌላ ውሸት?»

በቅሎዋን እየነዳች ተመለሰች። ግንዶቹን አንድ በአንድ በሰንሰለት ጎትታ ዝናብ ወደሞላው ጅረት ለቀቀቻቸው። እያንዳንዱን ስትገፋ ኦሪንን በስሙ እየጠራች ሰደበችው። መዳፏ ተልጦ ደማ፤ ግድ አልሰጣትም። እንደዚያ ቀን ማንንም ጠልታ አታውቅም።

ከማዶ የከብት ነጋዴው የጋንት እረኛ ከፈረሱ ላይ ሆኖ ያያታል። ባርኔጣውን አነሣላት። «በርቺ እህቴ!»

ሐሙስ ጠዋት ከመዝገብ ቤቱ ደረሰች። ያው እረኛ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ፣ እያፏጨ በአጠገቧ ወጣ።

«ዛሬ ሃያ አንድ ሞላኝ» አለችው ሽማግሌውን መዝጋቢ። «የጅረቱን ዳር መሬት ጻፍልኝ ብዬ መጣሁ፣ አባባ።»

«አሁን ተያዘ፣ ልጄ። ጋንት ወሰደው። እረኛው ግንድ የለበትም ብሎ ማለ፤ አስጠየቅሁ፣ እውነትም የለም።»

«ግንዱን ያነሣሁት እኔ ነኝ! የኦሪን ሀስኬል ነበር! ለሌባ ደግሞ የምን ልማድ ነው?»

ሽማግሌው መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠና ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበላት።

«ባለይዞታ፦ ታቢታ ክሮል። ዕድሜዋ ሐሙስ እስኪሞላ ዋስ ሆኖ ግንዱን ያጋደመላት፦ ኦሪን ሀስኬል።»