የቀረው ቦይ

ንጋት የኮሚክ መጽሐፏን የመጨረሻ ገጽ ስላ ጨርሳ ስልኳ ላይ የመጣውን መልእክት ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። አሳታሚው ባለ ካባዋ ጀግና የምትበርበት ከተማ አዲስ አበባ እንዲሆን ፈልጓል፤ ፍኖተ ሰላምን ማን ያውቃታል፣ ካልተለወጠ አናትመውም ይላል። እሷ ግን የከተማዋን ስም በማይለቅ ቀለም አድምቃ ጻፈችው።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ጋሼ ገነነ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተው ሥዕሉን አዩት። "እሰይ የኛ ልጅ! መናኸሪያው አለ፣ ባጃጁ አለ።" ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደጃችን ያለው ቦይ ግን የት ገባ? ያ የሚሸተው?"

"እንዳያሳፍረን ብዬ ተውኩት።"

"እንዲህ አሳምረሽ ከዋሸሽማ አዲስ አበባ ብትይው ምን ለየው?"

ንጋት ብዕሯን አነሳች። ቦዩን ከነቆሻሻው ሳለችው። ቀጥላም ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው የጨርቅ ቁርጥራጭ በመጥረጊያ ወደ ቦዩ ሲገፋ፣ ጀግናዋም ከሰማይ ሆና ስታፈጥጥበት ሳለች። ጋሼ ገነነ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አሉ።

"ይኼ እንኳ እኔን አይመስልም።"

"ቆይ፣ መነጽሩን ረስቼው ነው" ብላ ጨመረችበት።

ገጹን ፎቶ አንስታ "ከተማዋ ፍኖተ ሰላም ናት፤ አትለወጥም" ብላ ለአሳታሚው ላከችው። ቀና ስትል ጋሼ ገነነ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ወርደዋል፤ ጨርቃቸውን በዱላ ይጎትታሉ።

"አንቺ ልጅ" አሉ ቀና ሳይሉ፣ "በሁለተኛው መጽሐፍ እንደገና ትስይኛለሽ።"