የሐመልማል ቁርስ

ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ፍርፍር ሠርቼ በሁለት ሳህን አቀረብኩ። ከወረርሽኙ ወዲህ ሕጉ ማዕድ መጋራትን ስለከለከለ፣ ሁሉም የሚበላው በራሱ ተናጋሪ ሳህን ነው። ልጄ ሐመልማል ያኔ ቤት ተዘግቶባት ምግብ መፍራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ ሰው እያያት ስለማትበላ ሳህኗን ክፍሏ አስገባላታለሁ። ዛሬ ግን ሳህኗን ይዛ ከክፍሏ ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ያላየሁ መስዬ አንገቴን ደፋሁ። ጎረሰች።

«ገና አልጨረስሽም» አላት ሳህኗ።

«ዝም በል፣ አሳባቂ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ከእኔ ሳህን ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

«የሌላ ሰው እጅ ገብቷል!» ብሎ ሳህኔ ጮኸ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገሚኝ» አልኳት።

«እሺ እማዬ፣ ግን አንቺም ታጎርሺኛለሽ።»

አጎረስኳት። ሳህኖቹ ሲጮሁ እኛ እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

«አንድ ቀን አብራን ስትበላ ባየኋት» ይል የነበረው አባቷ ግን ይህን ለማየት በሕይወት የለም።