ከዒድ የቀረ ቀለም

ሙርሳል በዒድ ማግስት ባምባሲ መንገድ ላይ ባጃጁ ተገልብጦ ሞተ። ባጃጁን አሶሳ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ከኋላው ራሱ የሣላት ወፍ ነበረች፤ አንዱ ክንፏ ከሌላው የረዘመ። «ይህቺስ ብትበር የምትዞረው በአንድ በኩል ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ለቅሶው ላይ የሚስቱ የዓፊያ መዳፍ በዒድ ዋዜማ ሂና እንደቀላ ነበር። ማንም አልፈረደባት፤ የተቀባችው ባሏ በሕይወት ሳለ ነው። ማን እንዲህ አዛንፎ እንደቀባትም የጠየቀ የለም።

ከሁለት ወር በኋላም መዳፏ ቀይ ነበር።

መጀመሪያ ያየችው የሟች እህት ኸድራ ናት። ዓፊያ በቀይ እስክሪብቶ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር፤ ኸድራን ስታይ እጇን ጨበጠች። በዒዳ ላይ ያለች ሴት የሐዘን ወራቷ እስኪያልቅ ሂና አትነካም።

በዚያው ሳምንት መምህር እንዳለ፣ የዓፊያ የሥራ ባልደረባ፣ ጥቁር ፌስታል ይዞ መጣ። ኸድራ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ነበር።

«እንደገና አለቀብሽ?» አላት እየሳቀ።

ዓፊያ አልሳቀችም። ፌስታሉን ተቀብላ በሻርፗ ሸፈነችው።

ኸድራ ክንዷን ዘይት አቃጥሏት ጤና ጣቢያ ትመላለስ ነበር። ሲስተር አሰፋሽ ፋሻውን ስትፈታው ከሥሩ ለስላሳ ቆዳ ወጥቷል።

«ጠባሳ አይተውም?»

«አይተውም። ቃጠሎው ጥልቅ አይደለም፤ የክንድሽ ፀጉር ሥሮች አልሞቱም። እዚያና ከቆዳው ግርጌ ስቴም ሴል የሚባሉ አሉ፤ እናት ሴሎች በያቸው። ሳይታክቱ አዲስ ይወልዳሉ፣ አዲሱ አሮጌውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አሮጌው ይረግፋል። ቁስል ባይኖርም እንዲሁ ነው። የዛሬ ሁለት ወር የነበረሽ የላይኛው ቆዳ ዛሬ የለም።»

«ሂና የተቀባስ?»

«አብሮ ይረግፋል። ወርም አይቆይ።»

ኸድራ በቀጥታ ዓፊያ ቤት ሄዳ የወንድሟን ልጅ ልብሶች ከገመዱ ላይ ትሰበስብ ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ዓፊያ፣ ከምታጥብበት ሳፋ ተነሥታ።

«ሐኒን ባምባሲ እናቴ ጋ እወስዳታለሁ። የሌላ ሰው ጫጉላ ቤት ውስጥ አታድግም።»

«ወላሂ ሂና አልነካሁም።»

«እጅሽን ክፈቺዋ።»

«እህቴ፣ ልጄንም እጄንም ተይልኝ።»

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ለማን ነው የምታጌጪው? ለባለፌስታሉ?»

ኸድራ የተጨበጡትን ጣቶች ፈልቅቃ፣ መዳፉን ሳፋው ውስጥ ነከረችና በልብስ ሳሙና ፈተገችው። ሂና በሳሙና እንደማይለቅ ታውቃለች፤ ልታዋርዳት ነበር የፈለገችው።

ውሃው ግን በእስክሪብቶ ቀለም ወዲያው ቀላ። የዒዱ ሂና የቀረው በጥፍሮቹ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር፣ እንደ ቀጭን ጨረቃ።

ኸድራ እጇን ስታነሣ፣ በዓፊያ መዳፍ ላይ ከነበረችው ወፍ የተረፈው ረጅሙ ክንፍ ብቻ ነበር።