ሦስተኛው ጉልቻ

ሃጀር ውኃ ገፊውን፣ አዲሱን ባለ ሦስት ክንፍ የነሐስ ፕሮፔለር ደረቷ ላይ አቅፋ ከሸራ ጀልባቸው ኋላ ቆማ ነበር። ጀልባዋ ከባሕር ርቆ ሂሊያርድ ከተማ ካለው ቤታቸው ደጅ ላይ ቆማለች፤ በማግስቱ በመኪና ተጭና ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ልትሄድ ነው። ባሏ ኸሊል ግን በአንድ እጁ መፍቻውን፣ በሌላው አሮጌውን ባለ ሁለት ክንፍ ይዞ መንገድ ዘጋባት። «ይሄ እኮ በሸራ ስንሄድ እንደ ጃንጥላ ስለሚታጠፍ ውኃ አይይዘውም። በዚያ በማይታጠፈው ስፒዳችንን ኪል ልታደርጊው ነው?»

«አምና ባሕሩ ሲጎድል የውኃው ጉልበት ወደ ኋላ የጎተተንስ? ሞተሩ እየጮኸ ይሄ ያንተው መግፋት አቅቶት፣ ከኋላችን የነበረው ድልድይ ላይ ልንለጠፍ አልነበር?»

«እሱማ መሪውን የያዝሽው አንቺ ስለነበርሽ ነው» ብሎ ሳቀ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፣ ሃጁዬ።»

ይህን ሳቅ ዓመቱን ሙሉ በየዘመዱ ቤት ሰምታዋለች፤ ጀልባ ወደ ኋላ የነዳች ሴት ተብላለች። ነሐሱ ቢከብዳትም አላስቀመጠችውም። ሦስቱን ክንፎች አንድ በአንድ በመዳፏ ዳሰሰችና ቀና አለች።

«ኸሊል፣ በሁለት ጉልቻ ድስት ተጥዶ ያውቃል?»

በእጁ የያዘውን አየ፤ እሷ ያቀፈችውን አየ። ከዚያ እንደገና ሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን በራሱ ላይ ነበር። አሮጌውን ሣሩ ላይ አጋደመና መፍቻውን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀበላት።

«እሰሪው። መሪውንም አንቺው ያዢ» አላት። «ወጡን እኔ እሠራለሁ።»