ከአምስተኛው ፍሬት ማዶ

ሞረዱ ጊታሩን እንደ ጣውላ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። አንዴ አየና «እምም» አለ። ደግሞ አገላብጦ አየው። ጊታሩን ካመጡት ባልና ሚስት፣ ሚስትየዋ ይሄኔ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች።

ሞረዱ ጊታር ጠጋኝ ሽማግሌ ነው። ስሙ የወጣለት ከእጁ በማይለየው ሞረድ ይሁን በምላሱ፣ ራሱም አጣርቶ አያውቅም። ባልየው ቅዳሜ ለሴት ልጃቸው ሠርግ አንድ ዘፈን ሊጫወት ቃል ገብቷል፤ ጊታሩ ግን ከወር ወዲህ በነካው ቁጥር ጣሳ ውስጥ እንደገባ ንብ ጥዝ ይልበታል።

«አባባ፣ ይድናል ይላሉ?» አለ ባልየው።

«ይድናል። ያለቁት ፍሬቶቹ ናቸው።» ሞረዱ አንገቱ ላይ የተጋደሙትን ቀጫጭን ብረቶች በጥፍሩ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። «ክሩ ከፍሬቱ ይጠነክራል፤ በተጫንከው ቁጥር ይፍቀዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉትን እያቸው፣ ጉድጓድ ቆፍረህባቸዋል። መሪ የጨበጥክ ነው እንዴ የሚመስልህ?»

«የአውቶቡስ ሹፌር መሆኔን ማን ነገረዎት?»

«ፍሬቱ።»

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ሚስቱም አብራው ሳቀች፤ እየሳቀች ግን ግራ እጇን ቀስ አድርጋ ሻርፗ ውስጥ ከተተች።

«ድምፁ እስኪወጣ ብቻ ነው መጫን» አለ ሞረዱ። «ከዚያ በላይ ያለው ጉልበት ብረት ይበላል እንጂ ዘፈን አያሳምርም። ጣትህን ከፍሬቱ ጥግ ካሳረፍከው ትንሽ ይበቃዋል። ስትጨርስ ደግሞ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ላብ ክሩን ያዝገዋል፣ የዛገ ክር እንደኔው ሞረድ ነው።»

«እሱንስ እጠርጋለሁ መሰለኝ። ሁልጊዜ ሳወርደው ንጹሕ ነው።»

«እጠርጋለሁ መሰለኝ?» ሞረዱ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ። «እስኪ ወዲህ ና። ሰባት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት። እነዚህም አልቀዋል፤ ጉድጓድ ግን የላቸውም። እኩል ነው የሳሱት። ቀላል እጅ ነው፣ በየቀኑ የሚመጣ።»

«አባባ፣ እኔ ከአምስተኛው አልፌ አላውቅም። የምጫወተው ዘፈን እንኳ መሃሉ ላይ ወደዚያ ሲወጣ ላላላ እያልኩ በአፌ ነው የምሞላው። ከአምስት ማዶ ለእኔ ሌላ አገር ነው።»

«እንግዲያው ቤትህ ውስጥ ፓስፖርት ያለው ሰው አለ።»

ሹፌሩ መቁጠር ጀመረ። ልጅቷ ጊታር ነክታ አታውቅም፤ ደሞም ለሥራ ከቤት ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ጎረቤት ቁልፍ የለውም። «ድመቷ ናታ» አለ በመጨረሻ። ሚስቱን አልቆጠራትም። አለመቆጠሯ መጀመሪያ እፎይ አሰኛት፤ ወዲያው ደግሞ ከነከናት።

ከሃያ ዓመት በፊት ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። በሁለተኛው ቀን «ጣትሽ አጭር ነው፣ አንቺ ዝፈኚ» አላትና ተሳስቀው ተዉት። ልጅቷ ወጥታ ቤቱ ጭር ሲል ነው ጊታሩን ከግድግዳው ያወረደችው። እሱ ጠዋት አውቶቡሱን ሲያስነሳ እሷ ትጀምራለች፤ ሊመጣ ሲል ጠርጋ ትሰቅለዋለች። በመጀመሪያ የደበቀችው ስላፈረች ነው። እጇ ሲፈታ ደግሞ ይባስ ፈራች። የቤቱ ጊታረኛ እሱ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ጊታሩን አውርዶ ሲጫወት ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታውቃለች። ያንን መብራት በገዛ እጇ ልታጠፋ አልፈለገችም።

ሞረዱ ሥራውን ያዘ። ፍሬቶቹን ሞርዶ እኩል አደረጋቸው፣ አናታቸውን አድቦለቦለ፣ እስኪያብረቀርቁ ወለወለ፣ አዲስ ክር ወጠረ። እሷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቶሎ ቢሄዱ ትመኛለች።

«ታች ታቹን አንተ ሞክር። ቀስ ብለህ።»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ተጫነ። ንቡ ጠፍቷል። ያችን በምታህል ጉልበት ድምፅ መውጣቱ ገርሞት ደጋግሞ ነካው።

«ላይ ላዩንስ ማን ይሞክርልኝ? የእኔን ጣት ሪህ ቆልፎታል» አለ ሞረዱ። ዓይኑ ሻርፑ ላይ አረፈ፤ ቢሆንም ምላሱን ለአንድ ቀን ሰበሰበው።

ሹፌሩ የሽማግሌውን ዓይን ተከትሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሻርፑን ገለጥ አድርጎ እጇን ያዘና የጣቶቿን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። አራቱም ጠጥረዋል።

«ጣትሽ ለምን ጠጠረ ስልሽ ሳሙና ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ሳሙና ነው።»

«ሳሙናው የግራ እጅሽን አራት ጣት ብቻ መርጦ ነው የሚበላው?»

አንገቷን ደፋች። የሚመጣውን ጠበቀች። የመጣው ጊታሩ ነው፤ አንስቶ ጭኗ ላይ አኖረላት።

«እስኪ ማዶውን አሳዪኝ።»

የእሱኑ ዘፈን ጀመረች። ጣቷ መጀመሪያ አንድ ክር ሳተ፣ ከዚያ መንገዱን አገኘው። ሹፌሩ በእግሩ ምቱን እየመታ ተከተላት። መሃሉ ላይ ስትደርስ እሱም እንደ ልማዱ ላላላውን ሊሞላ አፉን ከፈተ፤ እጇ አምስተኛውን አልፎ ሽቅብ ወጣ፣ አፉም እንደተከፈተ ቀረ። የሚሞላው ነገር አልነበረም።

እየፈራች ቀና ብላ አየችው። ፊቱ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ እንደመጣ ሁሉ፣ በርቷል።