የደረቀ ከንፈር

ማደንዘዣ ሰጪዋ ጂቱ፣ በኦቦ ቀነዓ አፍ ውስጥ የገባውን የመተንፈሻ ቱቦ በፕላስተር ስታጣብቅ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ አይታ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ቆቃ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ ሰው ናቸውና የፀሐይ ነው ብላ አለፈችው። ሐኪሙ የኩላሊታቸውን ጠጠር ሊያወጣ መሣሪያውን እንዳስገባ ማሽኑ ጮኸ። መቶ ሠላሳ የነበረው የደም ግፊት ስልሳ ገብቷል።

"ዶክተር፣ ያቁሙ! ግፊታቸው ወረደ!"

"ደም እኮ አልፈሰሳቸውም። ምን ነካቸው?"

ጂቱ ግፊት የሚያነሳውን መድኃኒት ሰጥታ የግሉኮሱን ከረጢት በሁለት እጇ ጨመቀችው። "ሚስታቸውን ጠይቂልኝ፤ የደበቁን በሽታ ይኖር ይሆናል" ብላ ነርሷን ወደ ኮሪደሩ ላከቻት። ነርሷ ቶሎ ተመለሰች።

"በሽታስ የለባቸውም። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ደረቅ ጾም ይዘው ነበር፤ ውሃም አልቀመሱም። እግዚአብሔር የአንቺንና የዶክተርን እጅ እንዲይዝላቸው ነው አሉኝ።"

ቁጥሩ ሰባ፣ ቆይቶም ሰማንያ እያለ ሲመለስ እንኳ ጂቱ ከረጢቱን አልለቀቀችም። ጠዋት "ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ወዲህ የቀመሱት ነገር አለ?" ስትላቸው፣ ኦቦ ቀነዓ ኮራ ብለው "ጠብታ ውሃ እንኳ!" ብለዋት ነበር። ከመቼ ጀምሮ ብላ አልጠየቀችም። "ጎበዝ አባቴ!" ብላ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጋ ነበር ያስተኛቻቸው።